የአይነኬ ጋቢና

የጭነት መኪና ሹፌሮች በሁለት መደብ ይከፈላሉ። አንደኛው መደብ ጋቢናውን እንደ ቆሻሻ ገንዳ የሚይዘው ነው፤ የሙዝ ልጣጭ ከወንበሩ ሥር፣ የሱፍ ቅርፊት ከፍሬኑ ጎን፣ አንድ እግር ካልሲ ከመስታወቱ ላይ። ሁለተኛው መደብ መኪናውን የሚንከባከበው ነው። የመጀመሪያው መደብ ሰፊ ነው፤ ምድሩን ሞልቶታል። የሁለተኛው መደብ አባል ግን በዚያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ተራ አባል ሆኖ ለብቻው ይሰበሰብ ነበር።

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ትተው አይነኬ ይሉታል። ስሙን ያወጣው የገዛ አፉ ነው። ሰው ወደ መኪናዋ እጁን በዘረጋ ቁጥር «አይነካም» ይላል፤ በሩ አይነካም፣ ስፖኪዮው አይነካም፣ ጎማው አይነካም። ጎማው መሬት እንዲነካ የፈቀደውም ሌላ መላ ስላጣ ነው ብለው ያሙታል።

የሚጭነው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጡብ ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጥጥ የሚጭን ሰው ንጽሕና ቢወድ ያምርበታል፤ ዕድሜ ልኩን ከአቧራ እየበላ አቧራን የመደብ ጠላቱ አድርጎ የፈረጀ ሰው ግን ከእሱ ሌላ አልተገኘም። መጋዘን ደጃፍ ሲደርስ መስኮቱን ግጥም አድርጎ ይዘጋና ጫኞቹ ጭነው እስኪጨርሱ ውስጥ እየተቀቀለ ይጠብቃል። ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ በመሐረብ ይቀበለዋል፤ ለራሱ አዝኖ አይደለም፣ ወንበሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው።

መኪናዋን የገዛት ከፋብሪካ እንደወጣች ነው። እሱ የሰው መኪና እየነዳ፣ ሚስቱ መስኮት ሥር ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ሳትነሣ፣ ወጣትነታቸውን አንጠፍጥፈው ያገኟት ናት። የመጣች ዕለት ወንበሮቿ ፋብሪካው ባለበሳቸው ስስ ፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ ነበሩ። ሻጩ፣ ፕላስቲኩ ለጉዞ ብቻ ነው፣ ቤትህ ስትደርስ አውልቀው አለው። አይነኬ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየው። ዛሬ ፕላስቲኩን አውልቅ የሚል ነገ ቀለሙን ፋቅ ማለቱ አይቀርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ሲተረት ፕላስቲክ ገና አልተፈለሰፈም ነበር።

ፕላስቲክ ግን ያልባል፤ ደግሞም ይቀደዳል። ስለዚህ ፕላስቲኩን የሚጠብቅ የወንበር ልብስ አስፈለገ። ሚስቱ ከነጭ አቡጀዲ ሰፍታ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ ጠልፋ ሰጠችው። ነጭ ደግሞ ይቆሽሻል፤ ነጩን የሚጠብቅ ቡናማ ተሰፋ። ቡናማው በፀሐይ እንዳይለቅ አረንጓዴ ለበሰ። አረንጓዴውም የቤታቸው መጋረጃ የነበረ በመሆኑ ከበሬታ ይገባዋል ተብሎ ባለመስመር ተደረበበት። መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህ አይገርመውም። ዘበኛ ይቀጠራል፤ ዘበኛውን የሚቆጣጠር ይቀጠራል፤ ተቆጣጣሪውን የሚከታተል ይሾማል፤ በመጨረሻ በሩን የሚዘጋ ሰው ይጠፋል።

በልብስ ላይ ልብስ ሲደረብ ወንበሩ አደገ። ወንበሩ ባደገ ቁጥር አይነኬ ወደ ሰማይ ቀረበ፤ ራሱ ጣሪያውን እየታከከ መሐል አናቱ ላይ ያለው ፀጉር ከሌላው ቀድሞ አለቀ። የትራፊክ መብራት ጋ ሲደርስ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ለማየት አንገቱን እንደ ሰጎን አጥፎ በመሪው ላይ ይደፋል። የወለሉም ታሪክ ያው ነው። ከፋብሪካው ምንጣፍ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ካርቶን፣ ከካርቶኑ ላይ ሞኬት፣ ከሞኬቱ ላይ ደግሞ ሌላ ካርቶን፤ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ጫማ ተወልቆ ነው የሚወጣው።

የውጪው ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። በየማለዳው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ነክሮ መኪናዋን ከግንባሯ እስከ ጭራዋ ይወለውላታል። ናፍጣ የጠጣ ቀለም ያበራል፤ ዓይን ይወጋል። ከማቆሚያው ወጥታ የመጀመሪያውን ኮረኮንች ስትይዝ ግን የመንገዱ አቧራ ሁሉ ማር እንዳየ ዝንብ ይለጠፍባታል። ማታ እጥበት፣ ጠዋት ናፍጣ፤ ይህን ክብ ሩጫ እሱ እንክብካቤ ይለው ነበር። የበሮቹን ዙሪያ ጎማ ሳይቀር ጥቁረቱ እንዲያምር ናፍጣ ያጠጣዋል። ጎማው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ቀጥሎ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። አይነኬ ልስላሴውን የጤና ምልክት አድርጎ ወሰደው። ያበጠውን ሁሉ ወፈረ ማለት የእሱ ብቻ በሽታ አይደለም።

የሆነው ይነገር ከተባለ ደግሞ ሰውየው ደስተኛ ነበር። ጧት ያንን ጨርቅ ይዞ መኪናዋን ሲዞራት ያፏጫል። ሌላው ሹፌር በሥራው ሲማረር፣ ሚስቱን ሲያማ፣ መንገዱን ሲረግም፣ እሱ የፊት መብራቷን እያሸ የገዛ ፊቱን መብራቱ ውስጥ አይቶ ፈገግ ይላል። ለዚህች ዓለም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጎኑ የምትቆመውን መኪና የሚነዳው ወዳጁ ጭቃው ይባላል። የጭቃው ጋቢና ውስጥ ድንች ቢተከል ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል። ሁለቱ ሻይ የሚጠጡት በሁለቱ መኪኖች መካከል ቆመው ነበር፤ ጭቃው ወደ አይነኬ ጋቢና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ አይነኬ ደግሞ ወደ ጭቃው ጋቢና ቢከፈለውም አይገባም። እንደዚህ ሆነው በቆሙበት አርጅተዋል።

እርጅናው የመጣው በጉልበት በኩል ነው። ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር አይነኬ ጉልበቱ ውስጥ አሸዋ የሚፈጭበት ይመስለው ጀመር። ሐኪሙ ወይ መንዳቱን ወይ ጉልበቱን ምረጥ አለው። ቤት ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ያሰበው ስለ ጉልበቱ አልነበረም፤ መኪናዋ የማን እጅ ትገባለች የሚለውን ነበር።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የጡብ ነጋዴው ነው፤ የገዛው መኪና ሁሉ ዓመት ሳይሞላው በሩ በሽቦ የሚታሰር ሰው። ነጋዴው ወሬ ሰምቶ ኖሮ ማቆሚያው ድረስ መጥቶ፣ አይነካም ለመባል እንኳ ፋታ ሳይሰጥ፣ የፊት መብራቷን በጣቱ ቀለበት ቆርቁሮ ሄዷል። አይነኬ በዚያ ቀን ምሳ አልበላም። ሁለተኛው መንገድ ልጁ ናት።

ልጁ ሹፌር ናት፤ የወተት ፋብሪካ መኪና ትነዳለች። መንዳት የተማረችው ግን ከሌላ ሰው ነው። አባቷ አላስተማራትም እንዳይባል አስተምሯታል፤ ያስተማራት ጫማ ማውለቅ፣ ጋዜጣ አንጥፎ መቀመጥና መስታወት አጠገብ አለመተንፈስ ነበር። በዝናብ ወራት ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ጫማዋን በፌስታል ይዛ፣ እግሯን እንደ ዶሮ ወደ ላይ ሰብስባ፣ ከንፈሯን ገጥማ ትሄዳለች። አድጋ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ለት በሌላ ሰው አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ብርቱካን ላጠች። ያን ብርቱካን እስካሁን ታወራዋለች።

አሁን ፋብሪካው ቋሚ ሥራ ሊሰጣት ነው። አባቷ መኪናዋን ውሰጂያት፣ የራስሽ ትሁን ሲላት እንደ ሌላ ልጅ አንገቱ ላይ አልተጠመጠመችም። ቅዳሜ ጠዋት በቀን ብርሃን አያታለሁ አለችው፤ ልነዳት የምችል ከሆነ እይዛታለሁ፣ ካልሆነ ሰኞ ፋብሪካ ሄጄ እፈርማለሁ። እሱም ድሮውንም ነጋዴ ነበርሽ፣ የአባትሽ መኪና ሸቀጥ ሆነችና ልታዪያት ትመጫለሽ ብሎ ተኮፈሰ። ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ሳትል ይህቺ ልጅ ወደ ማን ሄዳ እንዲህ ደረቅ እንደሆነች አላውቅም አለች። ያም ሆኖ የቀረውን ሳምንት ሙሉ ሲሰናዳ ሰነበተ። ናፍጣውን በቀን ሁለቴ አደረገው። የሚንጠለጠል የመኪና ሽቶ ገዝቶ ጋቢናውን የሠርግ ድንኳን አስመሰለው። በመጨረሻም ሚስቱን ለልጅቱ አዲስ የወንበር ልብስ ስፊላት አላት፤ ቀይ ይሁን አለ።

ሚስቱ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«ከዚህ በላይ ከሰፋሁልህ ልጅቱ ጣሪያውን በስታ አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ ነው የምትነዳት።»

ግን ሰፋችለት። ሚስት ናት፤ ደግሞም ቀይ ጨርቅ ተርፏት ነበር።

ቅዳሜ ልጅቱ በቱታዋ መጣች። አይነኬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሚስቱ ከቤት ያመጣችው ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጭቃው ደግሞ ማንም ሳይጠራው ከመኪናው ወርዶ ሱፍ እየቆረጠመ ይጠብቋታል። ልጅቱ በሩን ሳበችው። በሩ እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ፣ እንደ መሳም ያለ ድምፅ አሰምቶ ተከፈተ። የበሩን ዙሪያ ጎማ በጣቷ ነካች፤ ጣቷ ጠቆረ። ጫማዋን አላወለቀችም። እግሯ ደረጃው ላይ ሲያርፍ የአባቷ ዓይን አብሮት ተረገጠ። ገባች፣ ተቀመጠች፣ አናቷ ጣሪያውን መታው። ከዚያ አፍንጫዋን አነሣች።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ምንድነው የሞተው?»

«ሽቶ ነው እኮ» አለ አይነኬ።

«ሽቶው ነው የሞተው?»

ጭቃው በሱፉ ታነቀ። አይነኬ ቆጣ ብሎ የዚህችን መኪና ንጽሕና አገር ያውቀዋል፣ አንቺ ወተት ስትጭኚ አፍንጫሽ ተበላሽቶ ነው አለ። ልጅቱ አልተከራከረችም። ከጋቢናው ዘላ ወርዳ፣ ይህ ሁሉ የተደራረበው ነገር እስከ መጨረሻው ይነሣ፣ ከሥሩ ያለውን ሳላይ መልስ አልሰጥም አለች። የሚወልቀው ምን አለው፣ ንጹሕ በንጹሕ ላይ ነው እኮ አላት። እንግዲያው ንጹሑን እንየው አለችው። አይነኬ ሚስቱን እርዳታ ፍለጋ ዞሮ አያት። ሚስቱ መቀሷን ቀድማ ከቦርሳዋ አውጥታ ነበር።

ቀዩ ወለቀ። ገና አንድ ጉዞ እንኳ ሳያይ የሄደ የመጀመሪያው ሹመኛ እሱ ነው። ቀጥሎ ባለመስመሩ፣ ቀጥሎ የመጋረጃው አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማው። ጭቃው፣ መኪና ነው ወይስ ሽንኩርት ነው የምትልጡት፣ ዓይኔ እኮ አነባ አለ። አይነኬ እያንዳንዱን ተቀብሎ እንደ ሰንደቅ ዓላማ እያጠፈ ይደረድራል። ነጩ ላይ ሲደረስ ሚስቱ ከዱካዋ ተነሣች። ጠርዙ ላይ ያለውን ሰማያዊ አበባ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ነጩ ወይቧል፤ አበባው ግን እንዳለ ነው።

«የጣልከው መስሎኝ ነበር» አለችው።

«ይጣላል እንዴ?» አለ አይነኬ፣ በእውነት ግራ ተጋብቶ።

«ታዲያ ሰው አያየውም፣ አንተም አታየውም። ለማን ነበር የጠለፍኩት?»

ሚስቱ ልብሱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለእሱ አልመለሰችለትም።

ፕላስቲኩ ቀረ። አይነኬ ይህንን እኔ ልግፈፈው አለ። በሁለት እጁ ጫፉን ይዞ እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብሎ ሳበው። ፕላስቲኩ ብቻውን አልመጣም። ያንን ሁሉ ዘመን ላብና እርጥበት አጣብቆ አጋብቷቸው ኖሮ የፋብሪካው ጨርቅ አብሮ ተላጠ፤ ከሥሩ ስፖንጁ ጥቁር አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሎ፣ እንደ ረግረግ መሬት ጨቅይቶ ታየ። የሽታው ባለቤት ተገኘ። አዲስ ሆኖ እንዲቆይ የታሸገው ወንበር አንድ ቀን እንኳ አዲስ ሳይሆን በስብሶ አርፎታል።

ወደ ወለሉ ሄዱ። ካርቶን፣ ሞኬት፣ ካርቶን፤ የታችኛው ካርቶን እንደ ገንፎ በእጃቸው ላይ ፈረሰ። ልጅቱ ነገሩን ገና ከበሩ ጎማ ጠርጥራዋለች። ናፍጣው ጎማውን በላው፣ የተበላው ጎማ ዝናቡን አስገባው፣ ዝናቡን ካርቶኑ ጠጣው፣ ካርቶኑ እንዳይደርቅ ደግሞ ሞኬቱ ተኛበት። ጠመንጃ መፍቻ አንሥታ የወለሉን ላሜራ ነካ ስታደርገው እንደ ብስኩት ተቀረፈ። እንደገና ነካችው፤ ጠመንጃ መፍቻው እስከ እጀታው ሰመጠ። ስታወጣው የፀሐይ ብርሃን ከታች ወደ ላይ ገባ። አራቱም ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አዩ። ከመኪናዋ ሥር ጥላ ፍለጋ የተኛች ድመት ቀና ብላ አየቻቸውና ተመልሳ ተኛች።

ጭቃው አልሳቀም። የቀረውን ሱፍ ኪሱ ከተተ። ለጭቃው ይህ ትልቅ አክብሮት ነው።

አይነኬ ሄዶ የመኪና ማቆሚያው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ፈታ። ሚስቱ በአጠገቡ ስትቆም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለጡብ ነጋዴው ደውሉለትና ይውሰዳት አለ። በሽቦ የሚያስራትን ሰው ሲጸየፍ ኖሮ ለካ እሱ ቀስ ብሎ በሐር እያሠረ ሲገድላት ነበር። ልጅቱ ይህን ሰማች። ለነጋዴው አልደወለችም፤ ለፋብሪካውም። ካርቶን ፈልጋ፣ ካርቶን ደግሞ በዚያ ቀን ሞልቷል፣ መሬት ላይ አንጥፋ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዋ ገባች።

ብዙ ቆየች። የእጅ ባትሪዋ ብርሃን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። በመፍቻ ሻንሲውን እየቀጠቀጠች ታዳምጣለች፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጭቃው ጎንበስ እያለ፣ መኪናዋ ሞተች ወይስ አለች ብሎ ይጠይቃል። በመጨረሻ በጀርባዋ ስትወጣ ፊቷ ላይ የግራሶ ምልክት ነበር፤ ከምልክቱ በላይ ደግሞ እንደ መገረም ያለ ነገር።

ከሥር አንድ ዝገት የለም አለች። ሻንሲው፣ መጋጠሚያው፣ የፍሬኑ ቧንቧ፣ ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ግራሶው ያለበት ቦታ አለ። ምን ስታደርገው ነበር ብላ አባቷን ጠየቀችው። አይነኬ ነገሩ ለወሬ የሚበቃ አልመሰለውም። ከየጉዞው ስመለስ ከሥሯ በውኃ እለቀልቃታለሁ፣ ትደርቅና ግራሶ እሰጣታለሁ፣ ሌላ ምን አለ አላት።

«ከሥርስ ምነው ምንም አላለበስካትም?»

«ከሥር ምን ይለበሳል?» አለ።

ልጅቱ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። እናቷ ተከተለቻት። ጭቃው አፍኖ የያዘውን ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ለቀቀው። አይነኬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ዞሮ መኪናዋን አያት፣ ከዚያ እሱም ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውየው ማልበስ የቻለውን ሁሉ አበስብሶ፣ ማልበስ ያቃተውን ሁሉ አድኖት ነበር። መኪናዋ ሴት ብትሆንና ምርጫው የእሷ ቢሆን ያለ ጨርቅ በሄደች ነበር፣ አለ ጭቃው፤ ሚስትየው በመቀሷ አስፈራራችው።

ልጅቱ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ እዚያው ተቀምጣ ውሏን አስቀመጠች። ወለሉ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ። የበሮቹ ጎማ ይቀየር። ናፍጣ ከዛሬ ጀምሮ የሚገባው የነዳጅ ታንኩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቀለሙ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፣ ሲደርቅ ሰም ይቀባል። ወንበሩ አንድ ልብስ ይኖረዋል፣ የሚወልቅ፣ የሚታጠብ፤ በምንም ነገር ላይ ምንም ነገር አይደረብም። ዝናብ የገባ ቀን ምንጣፉ ይወጣል፣ ወለሉ በሩ ተከፍቶ ይደርቃል።

«አሁን ደግሞ ወደ በያጁ የምትነዳት አንተ ነህ» አለችው። «በጫማህ። ያንን ካላየሁ ነገ ተመልሰህ ፕላስቲክ እንደማታለብሳት እንዴት አምንሃለሁ? አይተህ ወስን፤ እኔ ሰኞ ፋብሪካ አለብኝ።»

አይነኬ ተነሣ። ወደ መኪናዋ ሄዶ በሩን ከፈተ። እጁ ሳያዘው ወደ ጫማው ማሰሪያ ወረደ፤ ጎንበስ እንዳለ ቆመ። የሚያየው ሰው ጉልበቱ የያዘው ይመስለዋል። ሚስቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ ተመለሰች። ጫማው ላይ የማቆሚያው አፈር አለ፤ ሲሚንቶ አለ፤ ከአጥሩ ሥር የረገጠው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ማሰሪያውን ይበልጥ አጠበቀው። ከዚያ ቀኝ እግሩን አነሣና ባዶ ላሜራው ላይ፣ ከቀዳዳው ፈንጠር አድርጎ፣ አሳረፈው።

ሲቀመጥ ጠፋ። ከውጭ የሚታየው መሪውን የያዙ ሁለት እጆችና አናት ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ልብስ ሲነሣ ሰውየው ወደ እውነተኛ ቁመቱ ወረደ፤ ስፖኪዮው ሰማይ ያሳየዋል፣ መሪው ደረቱ ላይ ደርሷል። ጭቃው በመስኮቱ በኩል ተንጠራርቶ፣ አንተ ሰውዬ ሹፌሩን የት አደረስከው አለው። አይነኬ የወንበሩን ማንሻ ፈለገ። ከተገዛች ጀምሮ ነክቶት ስለማያውቅ ልጅቱ ነበረች ያሳየችው። ወንበሩ ከፍ አለ። አንገቱ ቀጥ አለ። በፊቱ መስታወት በኩል መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ታየው፤ እንደ ሰጎን ሳይታጠፍ።

በያጁ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ፤ ዝገት መከላከያም ቀባው። ወንበር ሠሪው ስፖንጁን ቀየረ። ሚስቱ ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ሰፋች፤ ጎንና ጎኑ ላይ ማሰሪያ አበጀችለት፣ በአንድ ጊዜ ተፈቶ ባልዲ ውስጥ እንዲገባ። ቀለሙ ከናፍጣው ሥር ወዙ የሞተ ሆኖ ተገኘ፤ በሳሙና ደጋግመው አጥበው ሰም ሲቀቡት እንደ ድሮው ዓይን የሚወጋ ባይሆንም ደህና ሰው ፊት መሰለ። የጡብ ነጋዴው አንድ ቀን ብቅ ብሎ ምን ተወሰነ ብሎ ጠየቀ። አይነኬ እንኳን ሊቆጣው እጁን ይዞ ሻይ አጠጣው፤ ልጄ ይዛታለች አለው። ይህን ሲናገር የሸሚዙ የላይኛ ቁልፍ እንደተፈታ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆለፈውም።

ልጅቱ ፋብሪካው ሄዳ አመሰገነቻቸው፤ አልፈረመችም። በመጀመሪያው ጉዞዋ ሲሚንቶ ይዛ ሄደች፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስትመለስ አባቷ ማቆሚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። በአጋጣሚ እንደሆነ ተናግሯል። መኪናዋ አፈር መስላለች። በሩን ከፍቶ ሲያይ ወለሉ ላይ የጫማ ዳና፣ ዳሽቦርዱ ላይ አቧራ፣ ከወንበሩ ጎን የብርቱካን ልጣጭ። የአይነኬ ፊት ተለወጠ። ልጅቱ ሳትወርድ እርጥብ ጨርቅ አንሥታ ዳሽቦርዱን ጠረገችው፤ አቧራው ሄደ። ምንጣፉን አውጥታ አራገፈችው፤ አፈሩ ሄደ። ልጣጩን ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ነገሩ ሻይ ከማፍላት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። አይነኬ ቆሞ አየ። ከዚያ ጠላት ጋር ዕድሜውን ሙሉ ጦር ገጥሞ ኖሯል፤ ጠላቱ በእርጥብ ጨርቅ ተማረከ።

ከዚያ ውጪውን ለማጠብ ተሰለፉ። እሱ ከጎማው እንጀምር አለ፤ እሷ ከጣሪያው፣ ቆሻሻ ወደ ታች ነው የሚሄደው አለች። እሱ ሁልጊዜ ከጎማ ነው የምጀምረው አለ፤ እሷ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ሁለቴ የምታጥበው አለች። ተከራከሩ። ክርክሩ ሳያልቅ እሷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ባልዲውን ገለበጠችው፤ እሱም ከታች በሳሙና ታጠበ። ጭቃው ከመኪናው ሆኖ፣ አደራ እኔንም ሰም ቀቡኝ አለ።

በማግሥቱ ሌላ ጭነት ነበር። ማለዳ አጥሩ ጋ ባልና ሚስት ቆሙ። መኪናዋ ወጣች፤ በኋለኛው በሯ ጥግ ላይ፣ ትናንት ያልታየች የውኃ ጠብታ ደርቃ ነጭ ምልክት ትታ ኖሯል። አይነኬ አያት። ኪሱ ውስጥ ጨርቅ ነበረው፤ ከየት እንደመጣ አይጠየቅ። አንድ እግሩ ወደ ፊት ሄደ።

ሚስቱ ጃኬቱን ከኋላ ያዘችው።

«ተዋት፤ ስትመለስ ትታጠባለች።»

መኪናዋ ጥጉን ዞረች። አይነኬ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ መለሰና፣ ቁርስ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። አለ አለችው። ገቡ።